ለሚወድቅ የወንድሜ ልጅ

ኤደንዴል፣ ሎስ አንጀለስ
ሴፕቴምበር 21 ቀን 1913

ይድረስ ላሳደጉኝና መውደቅ ላስተማሩኝ አክስቴ፣ ለወይዘሮ ኬዛያ፤ ሮችዴል።

ከሁሉ አስቀድሜ ባሕር ተሻግሮ የሚመጣውን ሰላምታዬን ጉልበትዎን ስሜ አቀርባለሁ። እንደምን ከርመዋል? የአጎቴ የኢኖክ ሳል ለቀቃቸው? እኔ ከእናንተ ሐሳብ በቀር የጎደለብኝ ነገር የለም። ደህና ነኝ፤ እጅግ በጣም ደህና ነኝ።

ሥራው ደርቷል። ሃኒካት ስቱዲዮ ስልዎ ትልቅ ሕንጻ እንዳይመስልዎ፤ ድሮ የፈረስ ጋጣ ነበር። ለፊልም የተሠሩት ሳሎኑም፣ ባንኩም፣ እስር ቤቱም ጣሪያ የላቸውም። ፀሐይ እንዲገባ ከላይ ስስ ነጭ ጨርቅ ብቻ ነው የተወጠረባቸው። ነፋስ ሲነሳ በተዘጋ ሳሎን ውስጥ መጋረጃ ይውለበለባል፤ ሾርባችን ላይ ቅጠል ይወድቃል። እስካሁን «ይህ ቅጠል ከየት መጣ?» ያለ ተመልካች የለም።

ባለቤቱ አቶ ሃኒካት ፊልም ከመጀመሩ በፊት የሬሳ ሳጥን ነጋዴ ነበር። ሲስቅ ያየው ሰው የለም። አንድ ነገር በጣም ካሳቀው «ይሄ ይሄዳል» ይልና አፍንጫውን ያሻል። እና አክስቴ፣ ትልቁን ወሬ ወደ መጨረሻ ያቆየሁት ሆን ብዬ ነው፦ በመጪው ጸደይ ለአንድ ፊልም ከሆቴል ጣሪያ ላይ ተነስቼ፣ ሦስት የሸራ ጥላ እየቀደድኩ፣ ዓሣ የጫነ ጋሪ ላይ እወድቃለሁ። ስሜም በፖስተር ላይ ይጻፋል! እዚህ እስከ ዛሬ ሕዝቡ የሚያውቀኝ «ያ ቀጭኑ» ብሎ ነው። ከወደቅኩ በኋላ ግን ዊልፍሬድ ክሌግ እባላለሁ።

የእርስዎው ልጅ፣
ዊልፍሬድ

—

ሮችዴል፣ ላንካሻየር
ኖቬምበር 2 ቀን 1913

ይድረስ ለዊልፍሬድ።

እንደምነህ ልጄ? በወጣህበት አገር ሞገስ ይስጥህ፤ ክፉ ዓይን አይይህ፤ አጥንትህን ይጠብቅልህ። እኛ ደህና ነን። ኢኖክ ያስላል፤ ሲያስል ደግሞ እንደ ባለሥልጣን ነው፣ ሰው ሁሉ ዝም ብሎ እንዲጠብቀው ይፈልጋል።

አየንህ! አቶ ሄይዉድ የድሮውን የሜቶዲስት ጸሎት ቤት ተከራይቶ ሲኒማ ቤት አድርጎታል። መቀመጫው ያው የጸሎት አግዳሚ ስለሆነ ሰው መጀመሪያ ላይ መሳቅ ያፍራል። የጸጉር አስተካካዩ ፊልም መጣ። ከወንበሩ ተስፈንጥረህ በመስኮት ስትወጣ ከፋብሪካ የመጡት ሴቶች ጮኹ። እኔ ግን ያየሁት አወዳደቅህን ነው። በግራ ጎንህ፣ አገጭህን ደረትህ ላይ ለጥፈህ፣ መዳፍህ ቀድሞ መሬቱን መትቶ። ልክ እንዳስተማርኩህ። ከጎኔ ያለችውን ሴትዮ «የወንድሜ ልጅ ነው» ብላት «የትኛው? ውሻው?» አለችኝ። ዳግመኛ አላናገርኳትም።

አሁን ወደ ጣሪያው ወሬህ ልመለስ። አንድ ነገር ብቻ ነው የምጠይቅህ፤ ማን ነው የሚቀበልህ? የእኛን የአክሮባቶቹን ቤት ሥርዓት ታውቃለህ፤ ትርኢት ከመጀመሩ በፊት ወዳቂው ተቀባዩ ፊት ቆሞ የሚያመውን ቦታ ጮክ ብሎ ይናገራል። ጥርሱም ቢሆን ጥፍሩም ቢሆን። ኢኖክ በርንሊ ከተማ ላይ ትከሻው እያመመው «ምንም» አለኝ፤ እኔም አምኜው በዚያው በኩል ተቀበልኩት። ያ እጁ እስከ ዛሬ ኮፍያውን አያነሳም። ስለዚህ ጠየቅኩህ፤ እዚያ ለማን ነው የምትናገረው?

አክስትህ ኬዛያ

ኢኖክ ነኝ። ከውሻው በልጠሃል፤ ግን በትንሹ ነው።

—

ኤደንዴል
ጃንዋሪ 11 ቀን 1914

ለተከበሩ አክስቴ፣

አዲሱ ዓመት የጤናና የሳቅ ይሁንልዎ። መልሴ ስለ ዘገየ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ሥራ በዝቶ ነው። እኔ ደህና ነኝ።

እዚህ ብርቱካን እንደ ሮችዴል ድንች ነው፤ ከዛፍ ወድቆ መንገድ ላይ ይንከባለላል። ያልነገርኩዎ ብዙ ሰው አለ። ጋስ ትሪምብል የሚባል ወፍራም ሰው አለን፤ በር ላይ ሲጣበቅ በሩ እንጂ እሱ አይሰበርም። ኢዳ ፕሩዊት የምትባል ደግሞ በሰርከስ ፈረስ ስትጋልብ ያደገች አለች፤ አሁን የምንሰባብራቸውን መኪናዎችና ጋሪዎች የምትነዳው እሷ ናት። ፊት ላይ የምንወራወረው ኬክም የራሱ ጥበብ አለው፤ ጸጉሩ ጥቁር ለሆነ ሰው ነጭ ክሬም፣ ጸጉሩ ወርቃማ ለሆነ የጥቁር እንጆሪ። አለዚያ ካሜራው ላይ አይለይም። እኔ እንጆሪው ነው የሚደርሰኝ። ጆሮዬ ውስጥ ዘር አለ።

ስለ ጣሪያው አያስቡ። አየሩ እዚህ እጅግ ጥሩ ነው።

ዊልፍሬድ

—

ሮችዴል
ማርች 8 ቀን 1914

ልጄ ዊልፍሬድ፣

ሰላምና ጤና ካንተ ጋር ይሁን። አየሩ ጥሩ በመሆኑ ደስ ብሎናል። እኔ ስለ አየር አልጠየቅኩህም።

ትናንት የፖሊሱን ፊልም አየን። ከአጥሩ ላይ ስትወድቅ በቀኝ ጎንህ ወደቅክ። አንተ በቀኝህ ወድቀህ አታውቅም! በልጅነትህ እንኳ በቀኝህ ውደቅ ስልህ ታለቅስ ነበር። ኢኖክን ጎሸም አድርጌ «አየኸው?» አልኩት። «ካሜራው እንዲመቸው ይሆናል» አለኝ። «ለካሜራ ብሎ ሰው ጎኑን ይቀይራል?» ብለው «ደመወዝ የሚከፍለው ካሜራው ነው እንጂ አንቺ አይደለሽም» አለኝ። ቤት እስክንገባ ቀድሜው ሄድኩ።

ግራ እግርህ ምን ሆኗል? ነገር ሳታዞር ጻፍልኝ።

ኬዛያ

—

ሮችዴል
ኤፕሪል 20 ቀን 1914

ዊልፍሬድ፣

ሰላምታውን ለሌላ ቀን አቆየሁት። ደብዳቤህን ብጠብቅ ብጠብቅ የለም፤ ፊልሞችህ ግን ከአንተ ቀድመው እየደረሱ ነው።

ከፖሊሱ በኋላ የእሳት አደጋ ፊልም መጣ። ከወደቅክበት ስትነሳ ባልዲውን ተደግፈህ ተነሳህ። ሰዉ ባልዲው አንተ ላይ ሲገለበጥ ሳቀ። እኔ ግን ስትደገፍ ነው ያየሁት። ባለፈው ቅዳሜ ደግሞ አሮጊት መስለህ የተሠራው መጣ። ዊልፍሬድ፣ በዚያ ፊልም ላይ አንድ ጊዜ እንኳ አልወደቅክም! ሻርፕ ተከናንበህ፣ የእጅ ጋሪ ውስጥ ተቀምጠህ፣ ያ ወፍራሙ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሲገፋህ ዋለ። እግርህ በብርድ ልብስ ተሸፍኗል። የክሌግ ልጅ ሆነህ በእጅ ጋሪ! መጀመሪያ ጎን መቀየር፣ ቀጥሎ መደገፍ፣ ቀጥሎ መቀመጥ። አራተኛውን ፊልም ለማየት ልቤ ፈራ። እየባሰብህ ነው፤ ይህንንም ደብቀህ በዚያ እግር ጣሪያ ላይ ልትወጣ ነው።

ኢኖክ «ተዪው፣ ልጁ ሠላሳ ሊሞላው ነው» አለኝ። «አንተም እኮ በርንሊ ላይ ሠላሳ አልፎህ ነበር» አልኩት።

ስለዚህ ዛሬ ጠዋት ለአቶ ሃኒካት ራሴ ጽፌያለሁ። ቅር ቢልህም እወቀው። ከምትሞትብኝ ብትቀየመኝ ይሻለኛል።

አክስትህ

—

ኤደንዴል
ሜይ 9 ቀን 1914

ይድረስ ለወይዘሮ ኬዛያ።

ጤና ይስጥልኝ። ዛሬ ጉልበት አልስምም፤ ተቀይሜያለሁ።

ደብዳቤዎ ደርሷል። ምሳ ሰዓት ላይ ደረሰ። አቶ ሃኒካት ባቄላውን ገፋ አድርጎ ቆመና ከላይ እስከ ታች በሁሉም ፊት አነበበው። «የተሰበረ ሰው ከጣሪያ የሚወረውሩት እርስዎ ሬሳ ሳጥን መሸጥ ያልተዉ ነጋዴ ነዎት» የሚለው ላይ ሲደርስ ጋስ ከሳቁ ብዛት ከአግዳሚው ወደቀ። ከፊልም ውጪ ሲወድቅ ያየሁት ያኔ ነው። ሃኒካት አፍንጫውን አሸ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ «እውነት ነው?» አለኝ። እኔ ምን ልበል? «አክስቴ አርጅታለች» አልኩ። ይህን እንዳልኩ ይወቁት። እሱ ግን ከጣሪያው ሰረዘኝ። ፖስተሩም ቀረ።

አሁን እውነቱን እነግርዎታለሁ፤ ከእንግዲህ የምደብቅበት ምክንያትም የለኝ። ግራ ቁርጭምጭሚቴ ተሰብሮ ነበር። የተሰበረው ባለፈው ኦገስት ነው፤ የመጀመሪያውን ደብዳቤ ስጽፍልዎ እግሬ ትራስ ላይ ነበር። ከአንድ ሰረገላ ላይ ስዘል ፍራሹን ያስቀመጠ ሰው አልነበረም፤ እኔም ደግሜ አላየሁም።

ግን አክስቴ፣ እርስዎ ያዩት ሁሉ ከኋላ ወደ ፊት ነው! እዚህ ፊልም በተሠራበት ተራ አይሸጥም። የእጅ ጋሪው የመጀመሪያው ነው፤ እግሬ ገና በጀሶ ታስሮ እያለ፣ ሥራ ፈት እንዳልሆን ብለው ብርድ ልብስ አልብሰው ቀረጹኝ። ሃኒካት አይቶ «ይሄ አይሄድም» አለና መደርደሪያ ላይ ጣለው። ከዚያ ጀሶው ሲወጣ የባልዲውን ሠራን። እሱንም ጣለው። የፖሊሱ በዲሴምበር የተሠራው ነው። ያንን ወደደውና ቀድሞ ሸጠው፤ ፊልም አከራዮቹ ተጨማሪ ሲሉት የሚሰጠው ቢያጣ ከመደርደሪያው ባልዲውን፣ ከባልዲው በኋላ ጋሪውን አወጣ። እኔ እየዳንኩ ነበር፤ እርስዎ ስታመም አዩኝ። ከፌብሩዋሪ ጀምሮ በግራዬ እየወደቅኩ ነው።

እንግዲህ ያ ቀጭኑ ሆኜ እቀራለሁ።

ዊ. ክሌግ

—

ሮችዴል
ሜይ 29 ቀን 1914

የኔ ልጅ፣

ከኋላ ወደ ፊት! ደብዳቤህን ቆሜ ጀመርኩት፤ እዚህ ጋ ስደርስ ግን ደረጃው ላይ ቁጭ አልኩ። ኢኖክ «ሞተ?» አለኝ። «ድኗል» አልኩት። «ታዲያ ለምንድን ነው የምታለቅሽው?» አለኝ። «ዝም በል፣ ሻይ አፍላ» አልኩት። አፈላ። የዚያን ቀን ሻይ ጣዕሙ እስካሁን ከአፌ አልጠፋም።

ግን በቃል ብቻ አላምንህም፤ በቃል «ደህና ነኝ» ብለህ ነበራ። አቶ ሄይዉድ ዘንድ ሄድኩ። «ሦስቱን ፊልሞች ከማንችስተር አከራዮች አስመልሰህ በእኔ ተራ አሳየኝ» አልኩት። «ወይዘሮ ኬዛያ፣ ሰው አንዴ ያየውን ፊልም እኮ ደግሞ አያይም» አለኝ። «እኔ ሰው አይደለሁም፣ አክስት ነኝ» አልኩት። ረቡዕ ጠዋት አዳራሹን ለኛ ብቻ ከፈተልን። ፒያኖ የለ፣ ሳቅ የለ፣ የማሽኑ ድምፅ ብቻ። መጀመሪያ ጋሪው። በጋሪው ውስጥ ፊትህ እንዴት ከስቶ ነበር! ከዚያ ባልዲው። ተደገፍክ፤ ግን ቆምክ። ከዚያ አጥሩ። በቀኝህ ወደቅክ፣ ተንከባለልክ፣ ተነሳህ፣ ሮጥክ! ኢኖክ በደህናው እጁ እጄን ይዞ ነበር። ስትሮጥ ጨመቀው። በባዶ ጸሎት ቤት ውስጥ ጮክ ብዬ ሳቅሁ። ደረቴ ላይ የተቀመጠ ነገር ተነሳልኝ ልጄ፤ ከክረምቱ ጀምሮ ተቀምጦ ነበር።

ስለ ጻፍኩት ደብዳቤ አላፍርም። አርጅታለች ያልከውንም አልረሳሁም። ነገር ግን ከጣሪያ ያስወረድኩህ እኔ ስለሆንኩ የምመልስህም እኔ ነኝ። ለአቶ ሃኒካት ሁለተኛ ደብዳቤ ጽፌያለሁ፤ እንዲህ ይላል፦ «እኔ ኬዛያ ዕድሜዬን በሙሉ ከአየር ላይ ሰው ስቀበል የኖርኩ ሴት፣ የወንድሜ ልጅ መዝለል እንደሚችል በዓይኔ አይቼ አረጋግጣለሁ። ግን ከመዝለሉ በፊት የሚያመውን ጮክ ብሎ ይናገር። ካልተናገረ ያውርዱት።»

አጥንትህን ይጠብቅልህ። አፍህንም ይክፈትልህ።

አክስትህ ኬዛያ

ኢኖክ ነኝ። ከሲኒማ ቤቱ እስከ ቤት እየዘፈነች ነው የመጣችው። ሰው ሁሉ አየን። በርንሊ ላይ የሚያመኝን ተናግሬ ቢሆን ኖሮ አብሬያት አጨበጭብ ነበር። አንተ ተናገር።

—

ኤደንዴል
ጁን 23 ቀን 1914

ይድረስ ለሁለቱ ወላጆቼ፣ ለአክስቴ ለኬዛያና ለአጎቴ ለኢኖክ።

ጉልበታችሁን ደግሜ ደጋግሜ ስሜያለሁ። ቅያሜዬ በሙሉ ወጥቷል።

ሁለተኛውም ደብዳቤ ምሳ ሰዓት ላይ ነው የደረሰው። ሃኒካት እንደ መጀመሪያው ቆሞ አነበበው። ሲጨርስ «ይህች ሴት እዚህ ብትኖር ኖሮ የድሮውን ንግዴን ገና በጊዜው ታዘጋኝ ነበር» አለ። ከዚያ ጋስን «አንተ፣ ምንህን ነው የሚያምህ?» አለው። ጋስ ግራ ገባውና «እኔ? ወገቤን» አለ። ለካ ዓመት ሙሉ ወገቡን ያመው ነበር! ኢዳ የእጇን አንጓ አለች። ካሜራ የሚያዞረው ሰው እንኳ ትከሻውን አለ። ሁሉም እንደ እኔ ዝም ብሎ ነበር። ሰው ያመመውን የተናገረ ቀን ሥራው ለሌላ ይሰጥበታል ብለን ስለምናስብ ነው። ሃኒካት አፍንጫውን አላሸም። «ሐሙስ ጣሪያው ነው» ብሎ ወጣ።

ሐሙስ ወጣሁ። ከላይ ሲታይ ሦስቱ ሸራዎች መሐረብ ያህል ናቸው፤ ጋሪው ከነዓሣው ጠረኑ ብቻ ነው የሚደርሰው። መንገዱ በሕዝብ ተሞልቷል። እጄን አፌ ላይ አድርጌ «ግራ ቁርጭምጭሚቴ ጠዋት ጠዋት ይደርቃል!» ብዬ ጮህኩ። ሕዝቡ ቀልድ መስሎት ሳቀ። ኢዳ ግን አልሳቀችም። ከጋሪው ወርዳ ሁለት ፍራሽ ከዓሣው ሥር ወደ ግራ በኩል ጎትታ ጨመረችና «በል ና!» አለችኝ። እንዲህ ሲጠሩኝ ከሮችዴል ከወጣሁ ወዲህ ሰምቼ አላውቅም። ከዚያ ዘለልኩ።

አንደኛው ሸራ፣ ሁለተኛው፣ ሦስተኛው፣ ዓሣው። ኢዳ አንገቴን ይዛ «መቆም ትችላለህ?» አለችኝ። ቆምኩ።

ያኔ ነው ካሜራ የሚያዞረው ሰው «ፊቱን ሸራው ሳይከልለው አልቀረም» ያለው። ሃኒካት «ፊቱ ካልታየ በማን ስም ነው ፖስተር የማሠራው? ይደገም» አለ። ሕዝቡም «ይደገም!» እያለ አጨበጨበ። አክስቴ፣ ያ ስም ምን ያህል እንደሚያስፈልገኝ ያውቃሉ። እግሬ ወደ መሰላሉ ተራምዶ ነበር። ቁርጭምጭሚቴ ግን ሙቅ ውሃ የፈሰሰበት ያህል ይግል ጀመር። ዞር አልኩና «ዛሬ አልችልም፤ እያመመኝ ነው» አልኩ። ይህን ቃል በሕይወቴ ተናግሬው አላውቅም። ሃኒካት ሰዓቱን አወጣና ለሁሉም «ምሳ» አለ። በቃ፣ ይኸው ነው። ሰው ሁሉ ዕቃውን ሰብስቦ ወደ ባቄላው ሄደ፤ ጋስም ተሸክሞኝ ሄደ።

ፊልሙ ታጥቦ ሲታይ ደግሞ ፊቴ አለ። በሦስተኛው ሸራ ቀዳዳ ውስጥ፣ አፌን ከፍቼ፣ ሙሉ ፊቴ አለ። «ይሄ ይሄዳል» አለ ሃኒካት። ስሜን ሊያጽፉት ነው።

ፊልሙ ሮችዴል ሲደርስ ከፊተኛው አግዳሚ ላይ ተቀመጡ። ያቺ «ውሻው?» ያለች ሴትዮ ከጎናችሁ ብትኖር ስሜን አሳዩልኝ። ከጣሪያው ስነሳ ግን አክስቴ ትንፋሽዎን አይያዙ፤ ወድቄ፣ ተነስቼ፣ ምሳዬን በልቼ ነው ይህን የጻፍኩልዎ።

ልጃችሁ፣
ዊልፍሬድ ክሌግ